ከእንጨቱ ሥር የተጻፈው ቁጥር

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የድሮ መሣሪያ ገማቹ ጋሽ መነጽር ነጭ ጓንታቸውን አጠለቁ፣ የመስታወቱን በር ከፈቱ፣ የኮሎኔሉን ሽጉጥ ከቀዩ ከፋይ ላይ አነሱና ወዲያው መልሰው አስቀመጡት። ስም ያወጣላቸውን አጉሊ መነጽር ከደረት ኪሳቸው አላወጡም። ቁጥሩንም አላዩም።

«ይሄ እሱ አይደለም» አሉ።

አጠገባቸው የቆመው የቤተ መዘክሩ ኃላፊ፣ ጡረታ የወጣ ሻለቃ ነው፤ «ምኑ?» አለ።

«ሽጉጡ። ሌላ ነው። በል ፖሊስ ጥራ።»

ሻለቃው ፖሊስ ጠራ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። የዚያን መስታወት ቁልፍ ፈርሞ የሚወስድ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዓመት አንድ ጊዜ። ያ ሰው አሁን ጓንቱን እንዳጠለቀ ፊቱ ቆሟል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሁለቱ ሰዎች በሰፊው ክፍል ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው፣ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ቤቱ ድሮ የክፍለ ጦሩ መኮንኖች ክበብ ነበር። አሁን የራስ ቁር፣ የሜዳ ስልክና የተቀዳደደ ካርታ የሚታይበት ትንሽ ቤተ መዘክር ሆኗል። ግድግዳው በቅርቡ ስለተቀባ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። በሩን ገብቶ ቀና የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያየው መሃል ላይ የቆመውን ባለ መስታወት ሣጥን ነው። ከሽጉጡ ሥር ያለው ካርድ «ኮሎኔሉ ድልድዩ ላይ የመጨረሻዋ ጥይት እስክታልቅ የተኮሱበት ሽጉጥ» ይላል።

የድልድዩን ታሪክ የማያውቅ የለም። ከሃምሳ ዓመት በፊት ክፍለ ጦሩ ሲያፈገፍግ፣ ያን ጊዜ ሻምበል የነበሩት ኮሎኔል ቁስለኞቹ ተሻግረው እስኪያልቁ ግማሽ ቀን ድልድዩን ይዘው ቆዩ። የፊታችን ቅዳሜ ሃምሳኛው ዓመት ይታሰባል። የዝግጅት ኮሚቴው ለዕለቱ በሚያሳትመው መጽሐፍ ውስጥ ሽጉጡ ተፈታቶ፣ የአፈሙዙ ውስጥ ሳይቀር ፎቶው እንዲወጣ ወስኗል። ቅዳሜ ጠዋት ከጦሩ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ባለሙያ መጥቶ ይመረምረዋል። ጋሽ መነጽር ዛሬ የመጡት ለዚያ ሊያሰናዱት ነበር።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሻለቃው። «መስታወቱ አልተሰበረ፣ ቁልፉ አልተነካካ። እኔ ካዝና ውስጥ የምቆልፈውን ቁልፍ ፈርመው የሚወስዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቅዳሜ መጋለጣቸው እንደማይቀር ሲያውቁ ቀድመው ጮኹ።»

«አልጮኽኩም» አሉ ጋሽ መነጽር። «ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት።»

«ቁጥሩን ሳያዩ በምን አወቁ፣ ጋሼ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት በየዓመቱ አንስቼዋለሁ፣ ልጄ። እግርሽን የሰው ጫማ ውስጥ ብታስገቢ ሳታዪው ታውቂ የለም?»

አብሯት የመጣው ሳጅን ቶሎ ቶሎ ጻፈ። ጣቢያ ውስጥ «እንደምን አደርክ ሲሉት እንኳ የሚጽፍ» እየተባለ የሚቀለድበት ሰው ነው።

«ጫማውም ይጻፍ፣ አለቃ?»

«ጻፈው።»

ኢንስፔክተሯ ጓንት አጠለቀች፤ ሽጉጡ ጥይት እንደሌለበት አረጋግጣ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ከዚያ ትንሽ ካቻቢቴና አንድ ቁራጭ ነጭ ወረቀት ጠየቀች። ጋሽ መነጽር ቀና አሉ።

«መሣሪያ ታውቂያለሽ?»

«አባቴ የዚሁ ክፍለ ጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። ፊደል ሳልቆጥር ሽጉጥ መፍታት ነው የተማርኩት።»

«ባለ ሞረዱ? የባለ ሞረዱ ልጅ ነሽ?»

«ነኝ» አለች። ሳይታወቃት ትከሻዋ ቀጥ አለ።

ወረቀቱን አጥፋ ከአፈሙዙ በስተኋላ አስገባችና የመስኮቱን ብርሃን አንጸባረቀችበት። ውስጡ የተበላ ነው። ጥይቱን የሚያሽከረክሩት ጠመዝማዛ ቦዮች ጠርዛቸው አልቋል፤ እዚህም እዚያም ዝገት ቆፍሮታል። ቀጥላ የጋሽ መነጽርን መዝገብ አስመጣች። በሠላሳ ስምንቱም ገጾች ላይ ያው አራት መስመር በጥንቃቄ ተጽፏል፦

«ቁጥሩ በ262 ያልቃል።
የላዩ ቀለም በአፎቱ ተፍቆ ሳስቷል።
የእጀታው እንጨት በስተግራ ከታች ተሸርፏል።
የአፈሙዙ ውስጥ እንደ መስታወት ነው።»

ሻለቃው ሳቀ። «እንደ መስታወት ይላሉ። የዚያን ጊዜ ጥይት ባሩዱ ጨው አለበት፤ ተተኩሶበት በማግሥቱ ካልታጠበ ብረቱን ይበላዋል። ክፍለ ጦሩ ከድልድዩ በኋላ ዘጠኝ ቀን ሳያርፍ ተጉዟል። ማን አጠበው? እንግዲህ ወይ ሰውዬው ውስጡን አይተውት አያውቁም፣ ወይ ይዋሻሉ።»

«የማየውን ነው የምጽፈው» አሉ ጋሽ መነጽር። «የሰማሁትን አልጽፍም።»

ኢንስፔክተሯ የእጀታውን ብሎን ፈታች። ሁለቱን እንጨቶች አነሳችና የውስጥ ፊታቸውን ወደ ብርሃን ገለበጠች። በእርሳስ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ 417 ተጽፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሳጅኑ።

«የጠጋኞች ልማድ ነው። ሃያ ሠላሳ ሽጉጥ ባንድ ጊዜ ሲፈታ እንጨቱ ከእንጨት እንዳይቀያየር፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቁጥሮች ከሥሩ ይጽፋሉ። ብረቱ 262 ነኝ ይላል። እንጨቱ 417 ነኝ ይላል።»

ጋሽ መነጽር አሁን አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ፤ ብረቱ ላይ ባለው ቁጥር ዙሪያ ጣታቸውን አስኬዱ። «ጎድጎድ ብሏል። የድሮው ቁጥር በሞረድ ተፍቆ አዲስ ተመትቶበታል። ንጹሕ ሥራ ነው። ግን የሠራው ሰው እንጨቱን መግለጥ አላወቀም።»

«ወይም ሆን ብለው ተዉት» አለ ሻለቃው። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ወሬ አላበዛም። እስከ ቅዳሜ ጠዋት እውነተኛው ካልተገኘ፣ የገማችነት ፈቃዳቸው እንዲሰረዝ ለግምጃ ቤቱ እጽፋለሁ።»

ጋሽ መነጽር ጓንታቸውን በቀስታ አወለቁና አጣጠፉ። «ስሜን ነው የምትሰርዘው» አሉ። «ሌላ የሠራሁት ነገር የለኝም።»

ኢንስፔክተሯ ሣጥኑን ዞረችው። ከሻለቃው ጠረጴዛ ላይ የበዓሉን የጥሪ ካርድ አንስታ ነበር፤ ላዩ ላይ የሽጉጡ ፎቶ አለ። በፎቶው ላይ የእጀታው እንጨት በስተግራ ከታች ተሸርፏል። በእጇ ያለው ሽጉጥ ግን እንጨቱ ሙሉ ነው።

«ይሄ ፎቶ መቼ ተነሳ?»

«ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ከሰዓት» አለ ሻለቃው። «በመስታወቱ ውስጥ ነው የተነሳው። በሩ አልተከፈተም።»

«ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፈዋል?»

ሻለቃው ካርዱንና ሽጉጡን አስተያየ። ፊቱ ቀላ። «በቀን አሥር ጊዜ» አለ።

ከሣጥኑ በር ጠርዝ ላይ የፈሰሰ ነጭ ቀለም አለ፤ ግማሹ በሩ ላይ፣ ግማሹ ተቃራኒው እንጨት ላይ ደርቆ መሃሉ ተሰንጥቋል። ጋሽ መነጽር ዛሬ ሲከፍቱት በሩ ያዝ አድርጓቸው እንደነበር ተናገሩ። ሻለቃው ደግሞ ቀለሙ የፈሰሰው ቀቢዎቹ በመጡበት የመጀመሪያ ቀን እንደሆነ አስታወሰ፤ ሰኞ ጠዋት ገና በሩን ሲገቡ አፍስሰውት በጩኸት ነበር የተቀበላቸው።

«ስለዚህ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ከዚያ ሰኞ ጀምሮ እስከ ዛሬ ይህን በር የከፈተ የለም። ሐሙስ ከሰዓት እውነተኛው እዚሁ ነበር። ለውጡ በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ ነው የተደረገው። ጋሼ፣ ከሐሙስ እስከ ሰኞ የት ነበሩ?»

ጋሽ መነጽር መሬት መሬቱን አዩ።

«አልናገርም» አሉ።

የሳጅኑ ብዕር ቆመ።

ረቡዕን ሳጅኑ ቀለም ቀቢዎቹን ሲያሳድድ ዋለ። ማታ ሲመለስ የያዘው ነገር ቢኖር ሱሪው ላይ የቀረ ነጭ ቀለም ነው። «ሻለቃው ራሳቸው እስከ ማታ ከኋላቸው ቆመው ነበር» አለ። «‹ሽንት ቤት እንኳ በሰልፍ ነው ያስኬዱን› ብለው አለቀሱብኝ።»

ኢንስፔክተሯ ግን ወደ ጋሽ መነጽር ቤት ሄዳለች። ሁለት ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ብሩሽ፣ የዘይት ብልቃጥ፣ የተጣጠፈ ጨርቅ፤ ሁሉም በመስመር ተደርድሯል። አንድ ነገር ብቻ ከመስመሩ ወጥቶ ከመጽሐፍ ጀርባ ተደብቋል፤ ትንሽ የዓይን ጠብታ።

«የትኛው ዓይንዎ ነው፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው መቀመጫ ሳይጋብዟት ራሳቸው ተቀመጡ። «ግራው» አሉ በመጨረሻ። «ሞራ ጋርዶት ነበር። ከዚያ ሐሙስ በፊት ባለው ረቡዕ ሆስፒታል ገባሁ። በማክሰኞው ወጣሁ።»

«ታዲያ ይህን ለሻለቃው ቢነግሩት ነገሩ አለቀ። መዝገቡን ዛሬውኑ አመጣለሁ።»

«ምን ብለሽ? ሌባ አይደለም፣ ዕውር ነው ብለሽ?» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ዓይኑ የፈዘዘ ገማች ማን ያምነዋል? ያለፉትን ሠላሳ ስምንት ገጾች ሁሉ ያጠፉብኛል። ስሜን ለማዳን ስሜን ልስጥ?»

«አሁን ግን ያያሉ።»

«አሁንማ በደንብ አያለሁ። ጃኬትሽ አንድ ቁልፍ እንደሌለው አያለሁ።»

ጎንበስ ብላ አየች። የለውም። ሁለቱም ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ማውራት ቀለላቸው።

«ሌላ መንገድ እስካለ ድረስ አላነሳውም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እንደ መስታወት ያሉት እውነት ነው?»

«ቃል በቃል።»

«ከሆነ ድልድዩ ላይ አልተተኮሰበትም።»

ጋሽ መነጽር የዘይቱን ብልቃጥ ክዳን አጠበቁ። «የመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ሽጉጡ ገና በኮሎኔሉ እጅ ነበር፤ እኔም ገርሞኝ ጠይቄያቸዋለሁ። መለሱልኝ። መልሳቸው ግን የኔ ንብረት አይደለም፣ ልጄ። ያየሁትን ጻፍኩ፣ የነገሩኝን ቆለፍኩበት።»

ኢንስፔክተሯ ወደ መኪናዋ ስትሄድ፣ አባቷም ሥራ ቦታ ያየውን ሚስጥር እንዲህ እንደሚቆልፍ አሰበች። እናቷ «አንተን ከማናገር ሞረድህን ማናገር ይሻላል» ትለው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ ወደ ሟቹ ኮሎኔል ቤት ሄዱ። ሚስታቸው ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጀርባቸው ወንበሩን ሳይነካ ነው የሚቀመጡት። አብሯቸው የሚኖረው የልጅ ልጃቸው መሐንዲስ ነው፤ የበዓሉን ኮሚቴ የሚመራውም እሱ ነው። ሳጅኑ ታሪኩን ለመዝገብ ያህል ሲጠይቅ መሐንዲሱ ቆሞ ተናገረ።

«አያቴ ብቻቸውን ነበሩ። ሽጉጡ እስኪግል ተኮሱ። የመጨረሻዋን ጥይት ተኩሰው ነው የተሻገሩት። እኔ በዚህ ታሪክ ነው ያደግኩት። ትምህርት ቤት ስጣላ እንኳ ‹የድልድዩ ልጅ› ነበር የምባለው።»

እማማ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አቆላልፈው ሰሙት። «ደህና አድርጎ ተናገረ» አሉ።

ኢንስፔክተሯ ክፍሉን ታያለች። የሠርግ ሳህኖች፣ ጠርዛቸው ወርቃማ፣ ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተደራርበዋል። ከጠረጴዛዋ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ የአንድ ትልቅ ዕቃ ቅርጽ ከሌላው ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ማክሰኞ ያየችው ትዝ አላት፤ በቤተ መዘክሩ ሣጥን መደርደሪያ ላይ፣ ከከፋዩ ሥር፣ ሳህን አቁመው የሚያስደግፉበት ቀጭን ቦይ አለ።

«እማማ፣ ብፌዎን የት አደረጉት?»

«ለእነሱ ሰጠሁት። ባለቤቴ ሲሞት ሽጉጡን ስንሰጥ የሚረባ ሣጥን አልነበራቸውም። ከሳህን ሽጉጥ ይበልጣል ብዬ ብፌዬን ሰጠሁ።»

«ቁልፉ ስንት ነበር?»

«ሁለት። አንዱን ሰጠሁ።» ተነሡና መሳቢያ ከፍተው በክር የታሰረ ትንሽ ቁልፍ አወጡ። «አንዱ ይኸው። ሳህኖቼን ያስታውሰኛል ብዬ ነው ያስቀረሁት።»

ሳጅኑ መሐንዲሱን አየው። መሐንዲሱ ፈገግ አለ። «እኔን ከሆነ፣ ያን ሰሞን ሳይት ነበርኩ። ከረቡዕ እስከ ማክሰኞ። ይጠይቁ።»

ሳጅኑ ከመኪናው ደወለ። የሳይቱ ጸሐፊ የሠራተኛ መዝገቡን አገላብጦ መሐንዲሱ በየቀኑ እንደፈረመ ነገረው። «ይሄም መንገድ ተዘጋ» አለ ሳጅኑ። «እንግዲህ የቀሩት እማማ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ እኔ አላስርም፣ አለቃ። እሳቸው ናቸው የሚያስሩኝ።»

«የቤተ መዘክሩን ዘበኛ አናግረኸዋል?»

«የእንግዳ መዝገቡን አይቻለሁ። በእነዚያ አራት ቀናት የተመዘገበ የለም።»

«እንግዳማ አልገባም ይሆናል። እንግዳ ያልሆነ ማን እንደገባ ጠይቀው።»

ዓርብ ጠዋት ከፈቃድ ሰጪው ክፍል መልስ መጣ። በ417 የሚያልቅ የዚያ ዓይነት ሽጉጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የድሮ የጦር ሽጉጦችን የሚሰበስብ ጡረተኛ የሂሳብ አስተማሪ።

ሰብሳቢው ሲያዩት ደስ የሚል ሰው ነው። በብረት በር የተዘጋች ክፍሉን ከፍቶ ግድግዳውን አሳያቸው፤ ሽጉጦቹ እንደ ክፍል ተማሪ በረድፍ ተሰቅለዋል፣ ሁሉም እንዳይተኩሱ መምቻ መርፌያቸው ተነቅሏል። የእያንዳንዱን ዓመት፣ የትኛው ጦር እንደያዘውና ቀለሙ የፋብሪካው መሆን አለመሆኑን በቃሉ ያውቃል። «ይሄንን አዩት? አንድ ሰው በአሸዋ ወረቀት ፈትጎ አሳመርኩት ብሎ አመጣልኝ። የስንት ዓመት ታሪክ ፈትጎ ጣለ። ተላጠ እንጂ አላማረም።»

በሁለተኛው ረድፍ አንድ ምስማር ባዶውን ነው።

«417ስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ሁለት ጊዜ ጠረገ። «ፈቃዱ እስኪዛወር መጠበቅ ነበረብኝ። አውቃለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ለማን መታሰቢያ እንደሆነ ሲነግረኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። በዚያ ዓርብ ነው የመጣው። ስድስት ተመሳሳይ ሽጉጥ አሳየሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ውስጡ ከሁሉ ይበልጥ የተበላውን ስጠኝ አለኝ።»

«የተበላውን?»

«እኔ እዚህ ስኖር ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚፈልገው ውስጡ የጸዳውን ነው። የተበላ ይሰጠኝ ያለኝ እሱ የመጀመሪያው ነው። መሣሪያ የማያውቅ ሰው መሰለኝ። ኋላ ሳስበው ግን አንድ በአንድ ውስጣቸውን አይቶ ነው የመረጠው።»

ኢንስፔክተሯ ለአፍታ ባዶውን ምስማር አየች። አራት ቀን ሙሉ ሌባው ምን እንደወሰደ ስታስብ ነበር። ለካ ነገሩ ያለው በተወው ዕቃ ላይ ነው።

«ማን ነው የመጣው?»

ሰብሳቢው ነገራት። ሳጅኑ ስሙን ጽፎ ከሥሩ አሰመረበት።

ከሰዓት በኋላ እማማ ራሳቸው በሩን ከፈቱ። መሐንዲሱ ጠረጴዛው ላይ የነገውን ንግግር ያርማል። ኢንስፔክተሯ ተቀመጠች። ሳጅኑ ግን ቆሞ ቀረ።

«ሰብሳቢው ጋ ሄደን ነበር» አለች። «ዘበኛውንም አናግረነዋል። ‹እሁድ የገባ እንግዳ የለም› አለን። የቤቱ ልጅስ ብንለው ‹እሱማ ገብቷል፣ የቤቱ ልጅ ይመዘገባል እንዴ?› አለ። የሳይቱ ጸሐፊም ማክሰኞ ተመልሰው የአምስት ቀኑን ባንድ ጊዜ እንደፈረሙ አምኗል።»

መሐንዲሱ ብዕሩን አስቀመጠ።

«አንተ?» አሉ እማማ። አንድ ቃል ብቻ ነበረች።

«ለመጽሐፉ ብዬ የጋሽ መነጽርን መዝገብ አነበብኩት» አለ፤ የሚያወራው ለእማማ ብቻ ነው። «እንደ መስታወት፣ እንደ መስታወት፣ ሠላሳ ስምንት ጊዜ። ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ኮሚቴው ደግሞ ውስጡ ፎቶ ይነሳ ብሎ ድምፅ ሰጠ። የማውቀው ነገር ሁሉ ከእግሬ ሥር ተናደ። አልተኮሱም ማለት ነው። ታዲያ ምን ሲሠሩ ነበር? ተደብቀው ነበር?»

«መዝገቡስ?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሽማግሌውስ?»

«ያረጁ ሰው ናቸው፣ ተሳስተዋል ይባላል ብዬ…» አልጨረሰውም።

«የት ነው ያለው?» አሉ እማማ።

«አልጋዬ ሥር።»

«አምጣው።»

በፎጣ ጠቅልሎ አመጣው። እማማ ፎጣውን ገልጠው ሽጉጡን መዳፋቸው ላይ አኖሩት፤ የተሸረፈውን እንጨት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«አያትህ ፈሪ መስሎህ ነበር?»

መሐንዲሱ የንግግሩን ወረቀት ገለበጠው።

«አሥራ አንድ ሰው» አሉ። «አሥራ አንድ ቁስለኛ በጀርባው አሻግሯል። ሌሎቹ እየተኮሱ ሲሸፍኑለት እሱ ይመላለሳል። ያዘለው ሰው እግር አፎቱን እየታከከው ነው ቀለሙ እንዲህ የሳሳው። በሁለት እጁ ሰው ይዞ በየትኛው እጁ ይተኩስ?»

እማማ ሽጉጡን በፎጣው መልሰው ጠቀለሉት።

«ሽጉጡ እስኪግል ተኮሰ እያሉ ያወሩት እነዚያው ያዘላቸው ልጆች ናቸው። ማክበራቸው ነበር። እሱ ደግሞ ‹ወሬያቸውን ባፈርስ እነሱን ማሳፈር ነው› ብሎ ዝም አለ። ለኔና ለዚያ ሽማግሌ ብቻ ነው የነገረው። እኔም ደስ እያለኝ ዝም አልኩ፤ አንተ ስትናገረው ያምርብህ ነበር። አጥፍቻለሁ። ዝምታዬ አንተን ሌባ አደረገህ።» ሽጉጡን ለኢንስፔክተሯ አቀበሉ። «በል ተነሥ። ቃልህን ስጥ። አንቺ ደግሞ ነገ እዚያ ታመጪልኛለሽ፣ ልጄ፤ ያን ሽማግሌ ፊት ለፊት ይቅርታ ሳይጠይቅ ቤቴ አይገባም።»

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መዘክሩ ሞልቷል። ከግምጃ ቤቱ የመጣው ባለሙያ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ሽጉጡን አገላበጠና «ቁጥር አንድ ጊዜ ከተጭበረበረ ቁጥር ብቻ አይበቃኝም» አለ። «ይኼኛው እውነተኛው መሆኑን በምን ላረጋግጥ?»

ጋሽ መነጽር ካቻቢቴውን አነሡና ለኢንስፔክተሯ ሰጧት። «አንቺ ፍቺው።»

ሁለቱን እንጨቶች አነሣች፤ ገለበጠቻቸው፤ እጇ እዚያው ቀረ። በእርሳስ 262 ተጽፏል። ሁለቱም 2 ጭራቸው ረዝሞ፣ ጫፉ ላይ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ልጅ ሆና ደብተሯ ላይ የመደመር ጥያቄ ሲጽፍላት ሁለትን እንዲህ ነበር የሚስላት፤ አስተማሪዋ «ይሄ ዳክዬ ነው ወይስ ቁጥር?» ብላ ስቃባታለች።

«የማን ጽሕፈት ነው?» አለ ባለሙያው።

«የአባቴ» አለች። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ነው ያለችው።

ባለሙያው ነጭ ወረቀት አስገብቶ በአፈሙዙ ውስጥ አየ። ብዙ አየ። «እንደ መስታወት» አለና የማረጋገጫ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ሻለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ መነጽር፣ እኔ…»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም» አሉ ሽማግሌው። «ያን ሰሞን ዓይኔን እየታከምኩ ነበር። ደብቄህ ነው። አሁን ድኛለሁ፤ አንተንም አጥርቼ ነው የማይህ። በል መዝገቡን አምጣልኝ።»

ሻለቃው ራሱ ሄዶ አመጣና ከፍቶ ያዘላቸው። ጋሽ መነጽር ያለ አጉሊ መነጽር ሠላሳ ዘጠነኛውን ገጽ ጻፉ። ከኋላ በኩል ከሳጅኑ ጎን የቆመው መሐንዲስ ወደ ፊት መጥቶ ሽማግሌው ፊት ጎንበስ አለ፤ የተናገረውን ከሁለቱ በቀር የሰማ የለም። ጋሽ መነጽር ትከሻውን ይዘው አቀኑት። የቀረውን ሕግ ያየዋል።

ከዚያ እማማ ብፌያቸውን በገዛ ቁልፋቸው ከፈቱ። የድሮውን ካርድ አንሥተው በቦታው ትናንት ማታ በእጃቸው የጻፉትን አቆሙ፤ «ኮሎኔሉ አሥራ አንድ ቁስለኛ በጀርባቸው ሲያሻግሩ ወገባቸው ላይ የነበረ ሽጉጥ። አልተተኮሰበትም።»

ሰው እየተጠጋ አነበበ። ያጉረመረመ የለም። ከሁሉም ኋላ አንድ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ቀስ ብለው መጡ። ካርዱን ካነበቡ በኋላ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ስምንተኛው እኔ ነኝ» አሉ።

ሳጅኑ ብዕሩን አወጣ። አዛውንቱን አየ፣ ካርዱን አየ፤ ከዚያ ብዕሩን መልሶ ኪሱ ከተተና ኮፍያውን አወለቀ።